የተርሚናል ቀለም፦ ከመቀባት በፊት መጠየቅ

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. አገሩ ለዘመን መለወጫ ሽር ጉድ እያለ ነበር። በዚያው ቀን የጃቫስክሪፕት ፕሮግራመሮች መንደር በአንድ ወሬ ተናወጠ። ኤንፒኤም በሚባለው የፓኬጅ (ሌሎች ወስደው የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ማከማቻ ውስጥ 18 ፓኬጆች ተጠልፈዋል። ዘዴው ቀላል ነበር። የፓኬጆቹ ባለቤት ከኤንፒኤም የመጣ የሚመስል ሐሰተኛ ኢሜይል ደረሰው። ጠላፊዎቹ በዚያው አካውንቱን ወሰዱበት። ከዚያ ሰው የክሪፕቶ ገንዘብ ሲልክ የተቀባዩን አድራሻ በራሳቸው አድራሻ የሚቀይር ኮድ ሸጎጡ። ነገሩ ቶሎ ተነቃበት። በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ መርዘኛዎቹ እትሞች መነሳት ጀመሩ። የተሰረቀውም ገንዘብ ትንሽ ነበር። ያስደነገጠው ስፋቱ ነው። እነዚህ ፓኬጆች አንድ ላይ በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ዳውንሎድ ይደረጋሉ።

እኔ ግን ዝርዝራቸውን ሳይ ዓይኔ ያረፈው ሌላ ነገር ላይ ነው። አብዛኞቹ ከቀለም ጋር የተያያዙ ናቸው። ተርሚናል ማለት ትዕዛዝ እየጻፍን መልሱን በጽሑፍ የምናይበት መስኮት ነው። ቾክ እዚያ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ ይቀባል። ስትሪፕ-አንሲ የተቀባውን መልሶ ያጸዳል። ሰፖርትስ-ከለር «ይህ ተርሚናል ቀለም ያውቃል ወይ?» ብሎ ያጣራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ከለር-ኔም ደግሞ የቀለም ስሞች ዝርዝር ነው። «ስህተት» የምትል አንዲት ቃል ቀይ እንድትሆን ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ቀዩን ብዕር አንሣ

የብራና መጻሕፍት ያያችሁ ታውቃላችሁ። ቁም ጸሐፊው በጥቁር ቀለም ሲጽፍ ይቆይና የማርያም ወይም የጻድቁ ስም ላይ ሲደርስ ቀዩን ብዕር ያነሣል። ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ወደ ጥቁሩ ይመለሳል። ተርሚናልም የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ ፕሮግራሙ ራሱ ብዕር አለመያዙ ነው። ጽሑፉ መሀል «አሁን ቀዩን አንሣ» የሚል ትዕዛዝ ያስገባል። ብዕሩን የሚያነሣው ተርሚናሉ ነው።

ትዕዛዙ የሚጀምረው ኢስኬፕ በሚባል በማይታይ ምልክት ነው። በኮምፒውተር የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ ቁጥሩ 27 ነው። ቀጥሎ የካሬ ቅንፍ መክፈቻ ይመጣል። ከዚያ የቀለሙ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ኤም የምትባለው ትንሿ የላቲን ፊደል። ቁጥሩ 31 ከሆነ ቀይ ነው፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ። 0 ሲመጣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተርሚናሉ ይህን ሲያገኝ ለእኛ አያሳየንም። ዋጥ አድርጎ ቀለሙን ይቀይራል።

ችግሩ ሁሉ የሚወለደው ከዚህች ቦታ ነው። ትዕዛዙና ጽሑፉ የሚሄዱት በአንድ ቱቦ ነው። ትዕዛዙን የማያውቅ ተቀባይ ከደረሰው እንደ ተራ ጽሑፍ ያነበዋል። ቁም ጸሐፊው «ቀዩን አንሣ» የሚለውን ራሱን ብራናው ላይ ጽፎት እንደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1970ዎቹ ተርሚናል ማለት ከዋናው ኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር። እያንዳንዱ አምራች የራሱ ኮድ ነበረው። ይህን ለማስታረቅ በ1976 የአውሮፓ ኮምፒውተር አምራቾች ማኅበር ኤክማ-48 የሚባል ደረጃ አወጣ። በ1979 አሜሪካኖቹም በብሔራዊ የደረጃዎች ተቋማቸው በአንሲ በኩል ተመሳሳዩን አወጡ። ዛሬም «አንሲ ኮድ» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1978 ገበያ ላይ የዋለው የዲጂታል ኩባንያ ቪቲ100 ተርሚናል ኮዶቹን በሰፊው አስለመደ። የሚገርመው ቪቲ100 ቀለም አልነበረውም። የሚችለው ጽሑፍ ማድመቅ፣ ማስመር፣ ብልጭ ድርግም ማድረግና ጽሑፉን ከጀርባው ጋር ማገላበጥ ነበር።

መጀመሪያ ቀለሞቹ 8 ነበሩ። ቆይተው ደማቆቹ 8 ተጨመሩ። ከዚያ 256 መጡ፤ 16ቱ የድሮዎቹ፣ 216ቱ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ስድስት ስድስት ደረጃ የተቀመሙ፣ 24ቱ ግራጫ። በመጨረሻ 16.7 ሚሊዮን ቀለም ደረሰ። አንድ ተርሚናል ከእነዚህ የትኛውን ያህል እንደሚችል ፕሮግራሙ በእርግጠኝነት የሚያውቅበት አንድ ወጥ መንገድ የለም። ተርም እና ከለርተርም የሚባሉ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሎችን (ሲስተሙ ለፕሮግራሞች የሚያስተላልፋቸውን ስም ያላቸው ቅንብሮች) አይቶ ይገምታል።

ዊንዶውስ በሌላ መንገድ ሄደ

ማይክሮሶፍት መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ነበር። በ1983 የወጣው ዶስ 2.0 አንሲ ኮድ የሚያነብ ሾፌር ነበረው። ዊንዶውስ ኤንቲ ሲመጣ ግን ኮንሶሉ (የዊንዶውስ የተርሚናል መስኮት) ኮዶቹን ማንበብ ተወ። ቀለም የፈለገ ፕሮግራም ሲስተሙን በቀጥታ ጠርቶ «ከአሁን በኋላ ቀይ አድርግ» ማለት ነበረበት። ቀለሞቹም 16 ብቻ ነበሩ። በራሱ መጥፎ አሠራር አይደለም። እንዲያውም ትዕዛዙን ከጽሑፉ ስለሚለይ ፋይል አይበላሽም። ጉዳቱ ከሌላው ዓለም ጋር አለመግባባቱ ነበር።

ሊኑክስ ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ ሲሮጥ ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ወደ ግራ የምትጠቁም ቀስት፣ ቅንፍ፣ 31፣ ኤም፣ ከዚያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ሌላ ቀስት። ጥቁሩ ስክሪን በዚህ ይሞላል። ለዚህ መፍትሔ ሆነው ነው ላይብረሪዎቹ፣ ማለትም እንደ ፓኬጆቹ ያሉ ዝግጁ ኮዶች፣ የተወለዱት። የፓይተኑ ኮሎራማ የሚሠራው መሀል ገብቶ ነው። ፕሮግራሙ የሚጽፈውን ይጠልፋል፣ ኮዶቹን ከውስጡ ይለቅማል፣ በምትካቸው የዊንዶውስን ተግባር ይጠራል። ጥሩ ሥራ ነው የሠራው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ዊንዶውስን ሳያውቁ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ የሚሆን ነገር መጻፍ የቻሉት በእሱ ነው።

ዊንዶውስ 10 ይህን ሁሉ ቀየረ። ኮንሶሉ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ኮዶቹን ማንበብ ቻለ። በ2016 ሊኑክስን ዊንዶውስ ውስጥ ማስኬድ ሲመጣ ጉዳዩ የግድ ሆነ፤ የሊኑክስ ፕሮግራሞች ያለ አንሲ ኮድ አይሆንላቸውም። በ2017 ደግሞ 16.7 ሚሊዮኑ ቀለም ለተራው ተጠቃሚ ደረሰ። በ2020 የዊንዶውስ ተርሚናል የመጀመሪያው ሙሉ እትም ወጣ። ከ2022 ወዲህ በዊንዶውስ 11 ላይ መደበኛው ተርሚናል እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ገና ይቀራል። ፕሮግራሙ ኮዱ እንዲነበብለት መጀመሪያ ሲስተሙን «አብራልኝ» ማለት አለበት። ይህን የማያውቁ የፓይተን ሰዎች አንድ አቋራጭ አግኝተው ነበር። ባዶ ትዕዛዝ ለሲስተሙ ይልካሉ። የትዕዛዝ አስፈጻሚው ለራሱ ሲል ማብሪያውን አብርቶ ይወጣል፤ ሲወጣ ግን አያጠፋውም። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ይሠራል። ብዙ ኮድ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ተቀምጦ ታዩታላችሁ። ካያችሁት ምክንያቱ ይህ ነው።

ሰፖርትስ-ከለር ለምን ራሱን የቻለ ፓኬጅ እንደሆነም አሁን ግልጽ ይሆናል። ኮዱን ከፍታችሁ ብታነቡ የዊንዶውስ ግንባታ ቁጥሮች (የእትም መለያዎች) ታገኛላችሁ። ከ10586 ጀምሮ 256 ቀለም፣ ከ14931 ጀምሮ 16 ሚሊዮን። የማክ ተርሚናል ከሆነ 256፣ አይተርም 3 የሚባለው ሌላው የማክ ተርሚናል ከሆነ ሁሉንም። የሃምሳ ዓመት አለመግባባት አንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ማለት ነው። ይህን ማንም በየቤቱ መጻፍ አይፈልግም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ አንድ ሰው ላይ ተደገፈ።

የሚያነበው ማን ነው?

የሲስተሞቹ ልዩነት ዛሬ በአብዛኛው ተፈትቷል። ለእኔ ከዚያ የሚበልጠው ችግር ሌላ ነው፤ እሱም ስንፍና እንጂ የቴክኒክ ችግር አይደለም። ፕሮግራሙ ለማን እንደሚጽፍ ሳይጠይቅ ይቀባል።

በአንድ የሠራሁበት ቦታ የሆነውን ልንገራችሁ። ሌሊት አንድ የክፍያ አገልግሎት ቆመ። ተረኛው ልጅ የሎግ ፋይሉን (ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) በቴሌግራም ላከልኝ። እኔም የስህተቱን መልእክት ሙሉውን ሐረግ ጽፌ ፈለግኩ። የለም አለኝ። ሌላ ፋይል አስላክሁ። እዚያም የለም። ብዙ ቆይቶ ፋይሉን በዓይናችን ስናነበው ስህተቱ መጀመሪያውኑ እዚያው ነበር። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን ቃል ቀይ ቀብቷት ኖሯል። በመጀመሪያዋና በሁለተኛዋ ቃል መካከል የቀለም መመለሻው ኮድ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ሐረጉን ሊያገኘው አልቻለም፤ ምክንያቱም ፋይሉ ውስጥ ያ ሐረግ የለም። ሰዉ ገንዘቡ ተንጠልጥሎ እየጠበቀ እኛ ደህና ሰዓት አባከንን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ለእኔ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ሲስተሙን «የምጽፍበት ቦታ ተርሚናል ነው ወይስ ሌላ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በዩኒክስ ዓለም ጥያቄው ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ ይባላል። መልሱ ተርሚናል ነው ከሆነ ቀባ። ፋይል ወይም ሌላ ፕሮግራም ከሆነ አትቀባ። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ከ2013 ጀምሮ ምንም ሳይነገረው ይህን ያደርጋል። ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ እና ጽሑፍ የሚፈልገው ግሬፕም «ኦቶ» የሚባለው ምርጫቸው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። ፕሮግራም ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ለውጤቱ፣ አንዱ ለስህተት መልእክት። ተጠቃሚው ውጤቱን ወደ ፋይል ሲያዞር ስህተቱ አሁንም ስክሪኑ ላይ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጥያቄው ለሁለቱም ለየብቻ መጠየቅ አለበት። አንዱን ብቻ ጠይቆ ለሁለቱም የሚወስን ፕሮግራም ወይ ፋይሉን ያበላሻል፣ ወይ ስህተቱን ያለ ቀለም ያወጣል። ብዙ የታወቁ መሣሪያዎች ሳይቀሩ ይህን ሲስቱ አይቻለሁ።

ጥያቄው ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ጊትሃብ አክሽንስ በሚባለው የድረ ገጽ አገልግሎት ላይ ኮድ ሲፈተሽ ተርሚናል የለም፤ ገጹ ግን ቀለም ማሳየት ይችላል። በሌላ በኩል ተርሚናል ላይ ተቀምጦ ቀለም የማይፈልግ ሰው አለ። ለዚህ በ2017 ኖ-ከለር የሚባል ስምምነት ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በዚህ ስም የተሰየመ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ካለና ባዶ ካልሆነ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ፕሮግራሙ ቀለም አይጨምርም። 0 ብሎ የሞላው ሰውም ቢሆን ቀለም አልፈልግም እንዳለ ይቆጠራል። በተቃራኒው ፎርስ-ከለር የሚባለው «ተርሚናል ባይሆንም ቀባ» ይላል። የማይክሮሶፍት የትዕዛዝ መስመር የሆነው ፓወርሼል ከ7.2 ጀምሮ ኖ-ከለርን ያከብራል። በ2024 የወጣው ፓይተን 3.13 የስህተት ዝርዝሩን በቀለም ማውጣት ሲጀምር ሁለቱንም አብሮ ተቀብሏል።

ሁለት ነገር ሲጋጭ ማን ይቅደም? በእኔ እምነት ትዕዛዙ ላይ በእጅ የተጻፈው ምርጫ ከሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብሉ። ፕሮግራሙ በራሱ የሚገምተው መጨረሻ ላይ ነው። ሰው አፍ አውጥቶ የተናገረውን በግምት መሻር ነውር ነው።

ቀይ ስትል ምን ዓይነት ቀይ?

31 ብለን ስንጽፍ ቀይን አንመርጥም። ቀይ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። የትኛው ቀይ እንደሚሆን የሚወስነው የተጠቃሚው ተርሚናል ነው። በ1980ዎቹ የአይቢኤም ሲጂኤ የቀለም ሞኒተር ላይ ጠቆር ያለው ቢጫ የሚታየው ቡናማ ሆኖ ነበር። በድሮው የዊንዶውስ ኮንሶል ሰማያዊ ጽሑፍ በጥቁር ጀርባ ላይ ጭራሽ አይነበብም ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2017 ቀለሞቹን አፈካቸው። ዛሬም ነጭ ጀርባ የሚጠቀም ሰው ቢጫ ማስጠንቀቂያ ቢወጣለት አያየውም። ማስጠንቀቂያ ሆኖ አለመታየት ደግሞ ከሌለ አይሻልም።

ስለዚህ ለትዕዛዝ መስመር መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ 16 ቀለሞች ይበቃሉ እላለሁ። ሰዎች የተርሚናላቸውን ቀለም ለዓይናቸው፣ ለስክሪናቸው፣ ለሚቀመጡበት ብርሃን አስተካክለው መርጠዋል። 16ቱን ስንጠቀም ምርጫቸውን እናከብራለን። ከ16 ሚሊዮኑ የራሳችንን ስንጭን ምርጫቸውን እንሽራለን። ተራውን ጽሑፍ ደግሞ በፍጹም «ነጭ» ብላችሁ አትቀቡ። ነጭ ጀርባ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። ተራ ጽሑፍ ተራ ይሁን።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎችም አሉ። የዘር ሐረጋቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆኑ ወንዶች 8 በመቶ የሚሆኑት ቀለም የመለየት ችግር አለባቸው። ጊት የተጨመረውን መስመር አረንጓዴ፣ የተሰረዘውን ቀይ ያደርጋል። ግን ከፊታቸው የመደመርና የመቀነስ ምልክት አለ። ቀለሙ ቢጠፋ ትርጉሙ አይጠፋም። መለኪያው ይህ ነው። «ስህተት» የሚለው ቃል ይጻፍ፤ ቀዩ ይጨመርበት።

በአማርኛ የሚጽፍ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ሌላ ፈተናም ይገጥመዋል። «ስህተት» 4 ፊደል ናት። ከፊቷ የቀይ ኮድ 5 ምልክት፣ ከኋላዋ የመመለሻው 4 ምልክት ሲጨመር 13 ትሆናለች። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን 4ቱ ብቻ ነው። በባይት ሲቆጠር ደግሞ እያንዳንዱ የእኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ 3 ባይት ስለሆነ ድምሩ 21 ነው። ሠንጠረዥ ስትሠሩ ፓይተን 13 ብሎ ይቆጥራል፣ የሲ ቋንቋ ፕሪንትኤፍ 21 ብሎ ይቆጥራል፣ ዓምዶቹ ይዛነፋሉ። በዚህ ላይ ተርሚናሉ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠባብ ሳጥን ነው የሚሰጠው። እንደ «ሐ» እና «ጨ» ያሉ ሰፋፊ ፊደሎች በብዙ ፎንት ላይ ተጨናንቀው ወይም ተቆርጠው ይወጣሉ። የፎንቱን ነገር ፕሮግራመሩ ብቻውን አይፈታውም። የመጀመሪያው ግን በእጁ ነው። መጀመሪያ ቃሉን በባዶ ቦታ እስከሚፈለገው ስፋት ይሙላ፤ ከሞላ በኋላ ይቀባ። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብቻ ሠንጠረዡን ያስተካክለዋል።

የባዕድ ጽሑፍና የባዕድ ኮድ

ኢስኬፕ ኮድ ቀለም ብቻ አያወጣም። መስመር ያጠፋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ይጽፋል፣ የመስኮቱን ስም ይቀይራል። አንድ ክፉ ሰው በተጠቃሚ ስም ወይም በፋይል ስም ውስጥ ይህን ኮድ ቢያስገባና የእናንተ ፕሮግራም ሳያጣራ ቢያትመው፣ አስተዳዳሪው ሎጉን ሲያነብ የሚያየው ሌላ፣ የተጻፈው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ተርሚናል ላይ ከመውጣቱ በፊት ቁጥር 27 ይለቀምለት። ቀለም የመጨመር መብት ያለው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።

ከውጭ ስለሚመጣ ኮድም እንዲሁ። የጳጉሜኑ ጠለፋ የመጀመሪያው አልነበረም። በጃንዋሪ 2022 ከለርስ የሚባለውን፣ በሳምንት ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዳውንሎድ ይደረግ የነበረውን ፓኬጅ ያበላሸው ባለቤቱ ራሱ ነበር። ማለቂያ የሌለው ዙር አስገባበት። እሱን የተጠቀሙ ፕሮግራሞች ስክሪኑን በማይረባ ጽሑፍ ሞልተው ቆሙ። እኔ የላይብረሪዎቹን ጸሐፊዎች አልወቅስም። ዊንዶውስ ከሌላው ጋር በማይግባባበት ዘመን ሸክሙን በነፃ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ዛሬ ግን ያ ሸክም ቀልሏል። ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ኖድ በ2024 ከውስጡ ስታይልቴክስት የሚባል የራሱን መቀቢያ አምጥቷል። ፓወርሼልም የራሱ አለው። ሦስት ቀለም ብቻ የሚጠቀም ትንሽ መሣሪያ ለእያንዳንዱ ቀለም 9 ምልክት (5 መቀቢያ፣ 4 መመለሻ) ራሱ መጻፍ ይችላል። ለ9 ምልክት ብሎ የማያውቀውን ሰው አካውንት ማመን የለበትም።

የራሳችሁን መሣሪያ ለመፈተሽ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ውጤቱን ወደ ፋይል አዙሩና ፋይሉን በካት ትዕዛዝ፣ ቪ የምትባለውን ምርጫ ጨምራችሁ ክፈቱት። የተደበቀው ኢስኬፕ ቆብ የመሰለ ምልክትና ቅንፍ ሆኖ ይታያል። ከታየ ፕሮግራማችሁ ሳይጠይቅ ቀብቷል። ከዚያ ኖ-ከለርን አብርታችሁ ተርሚናሉ ላይ አስኪዱት። በመጨረሻ የተርሚናሉን ጀርባ ነጭ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ አንብቡት።